የሕዝብ አባት ዝውውር

የሕዝብ አባታችን ወደ ቆላው አውራጃ መዛወራቸውን ያወቅሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳውን በየማለዳው ከማንም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ሥራዬ ዝናብ መለካት ስለሆነ ሌሊት የጣለውን መጠን በሰሌዳው ግራ ጥግ እጽፋለሁ። የዚያን ቀን በመለኪያ ዕቃዬ አራት መስመር ከሩብ ዘንቦ ነበር። ቁጥሩን ጽፌ ጠመኔውን ከጣቶቼ ሳራግፍ በቀኝ በኩል የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ።

«አቶ ዘርጋው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ የሥራ ቦታቸው ይሄዳሉ። ልጆች የአባታቸውን ቤት ስለሚከተሉ፣ በሕጉ መሠረት ልጆቻቸው አብረዋቸው ይሄዳሉ።»

ልጆቻቸው ዘጠና ስድስት ነበሩ። ከዘጠና ስድስቱ አንዷ የእኔ ልጅ ናት።

ነገሩን ለሌላ አገር ሰው ላስረዳ። በከተማችን ሚስት የወለደችው ልጅ አባቱ ባሏ ነው። ይህን ማንም አይጠይቅም። እንዲያውም ለሦስት ዓመት ከአገር ርቆ የኖረ አንድ ነጋዴ በሌለበት የሁለት ልጆች አባት ተብሎ ተመዝግቦ ያውቃል፤ ሲመለስ የምስክር ወረቀቶቹ በፖስታ ታሽገው ጠበቁት። ሳይጋቡ ለወለዱ ሰዎች ልጅ ግን የአባት ቦታው ባዶ እንዳይሆን ተብሎ የአንድ ሹም ስም ይጻፍለታል። ሹሙ «የሕዝብ አባት» ይባላል። ልጄ ንጋቷ በመዝገብ ንጋቷ ዘርጋው ናት፤ የእኔ ስም ግን ባዩ ነው።

አቶ ዘርጋው በዚህ ሹመት ሃያ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ያላገቡ ሰው ናቸው፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። በዓመት አንድ ቀን ልጆቻቸውን የከተማው አዳራሽ ግቢ ውስጥ አሰልፈው በየስማቸው ይጠሩና «አድገሻል» ወይም «አድገሃል» ይሏቸዋል። ካምናው ምንም ያልጨመረ ልጅ ሲያጋጥማቸው ትንሽ ያመነታሉ፤ ከዚያ ያንኑ ይላሉ።

የንጋቷ እናት አስካለና እኔ ያልተጋባነው ሳንፈልግ ቀርተን አይደለም። በከተማችን ጋብቻ የሚጸናው ሙሽሮቹ የሚገቡትን ቃል አዳራሹ መጨረሻ ላይ የቆመ ሹም ሲሰማው ነው። አዳራሹ ስልሳ ሁለት እርምጃ ይረዝማል። አስካለ ወንዝ ዳር ጀልባ ጠሪ ናት፤ ከዚህኛው ዳር ስትጣራ ከዚያኛው ዳር ያለው ቀዛፊ ከእንቅልፉ ይነሳል። የእሷን ቃል ሹሙ ብቻ ሳይሆን ገበያው በሙሉ ሰማው። የእኔን የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ሁለት ጊዜ ሞከርን። ሦስተኛ ሙከራ የሚፈቀደው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሹሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሲሸኘን «ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን የተሾምኩት እንድሰማ ነው» አለኝ።

ንጋቷ ከዚያ በኋላ ተወለደች። አሁን ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው።

ማስታወቂያውን ለአስካለ ስነግራት የእርጥብ ገመድ ጥቅልል ትከሻዋ ላይ ነበር።

«ዘርጋው ይዛወራል? ይዛወራ» አለች። «ንጋቷ ምን አገባት?»

«ልጁ ናት።»

«የማን?»

«በመዝገብ ማለቴ ነው።»

ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ቆላው ድረስ ስንት ቀን ነው?»

«በጀልባ አራት፣ ከዚያ በእግር ሁለት።»

«አንተ ደግሞ ቁጥሩ አይጠፋህም» አለችና ተቀመጠች። የገመዱን ጫፍ ፈትታ እንደገና ቋጠረችው። ከዚያ «ነገ መዝገብ ቤት ሄደህ አባቷ ነኝ በላቸው። ስልሳ ሁለት እርምጃ የለውም፤ ጠረጴዛው አጠገብ ነው የምትቆመው» አለችኝ።

መዝገብ ቤቱን የምትመራው ወይዘሮ የውብዳር ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከመነጽሩ በታች ታያለች። አባት መሆኔን ለማስመዝገብ እንደመጣሁ ነገርኳት።

«ማን ይዞህ መጣ?» አለች።

«ማንም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ማን ከሰሰህ?»

«ማንም አልከሰሰኝም።»

«ወንድሜ፣ ታዲያ አባት ነኝ የምትለው በምን ላይ ተመሥርተህ ነው?»

ስድስት ዓመት ከአራት ወር አብረን እንደኖርን ነገርኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ተጠርጣሪው ከየት ሸሸ? የት ተደብቆ ተገኘ? ሲያዝ ምን አለ? በመጀመሪያው ጥያቄ ሥር «አልሸሸም» ብዬ ጻፍኩ። ለሁለተኛው «ቤቱ» ብዬ ልጽፍ ስል ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው።

«ቅጽ አታበላሽ። ስማኝ። ይህን ሕግ ያረቀቁት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ያዩት የሚሸሽ አባት ነው። ሕጉ ሰው አሳዶ ይይዛል እንጂ በሩን አንኳኩቶ የመጣን ሰው የሚያስገባበት አንቀጽ የለውም። እናቲቱ ትክሰስህ፤ አንተ የክህደት ችሎት ፊት ቀርበህ ካድ። ስትሸሽ ያየህ ምስክር ይቅረብ። ከዚያ ይፈረድብሃል።»

«ባልክድስ?»

«ካልካድክ ክርክር የለም። ክርክር ከሌለ ፍርድ የለም። ፍርድ ከሌለ የተመዘገበው አባት አባት ሆኖ ይቀጥላል።» መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «መካድ ደግሞ ምን ያስቸግራል። እዚህ የመጣ ሁሉ ሲያደርገው አይቻለሁ።»

ማታ፣ እራት እንደበላን፣ አስካለ ለልምምድ በርጩማ ላይ ቆማ ከሰሰችኝ። እኔ እንድክድ ነበር።

«ይህቺን ልጅ አላውቃትም» አልኩ።

«ለማን ነው የምትነግረው? ለጉልበትህ? ቀና በል።»

«ይህቺን ልጅ አላውቃትም።»

ንጋቷ መሬት ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ትጽፋለች። ቀና ብላ አየችን። «የትኛዋን ልጅ?» አለች።

አስካለ ከበርጩማው ወረደች። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳናት፤ እንዳትወሰድ ሲባል አባቷ አባቷ አለመሆኑን መናገር እንዳለበት፣ ሲናገር ግን እውነቱን እንዳልሆነ። ንጋቷ ጥቂት አሰበች።

«ታዲያ ለምን እማዬ አትክድም? እሷ ይሰማላታል።»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች አስካለ። «የእናት ቅጽ የለም።»

«አባዬ ውሸት ሲናገር ጆሮው ይቀላል» አለች ንጋቷ፤ ወደ ጽሑፏም ተመለሰች።

ችሎቱ በአምስተኛው ቀን ተሰየመ። ዳኛው ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከፊታቸው ትንሽ የናስ ደወል ተቀምጣለች። አስካለ ክሷን ስታሰማ ደወሏ ሳትመታ ጮኸች። ምስክራችን ገመድ ገማጁ ጎረቤታችን አቶ ተገኝ ነበሩ።

«ተከሳሹ ሲሮጥ አይተውታል?» አሏቸው ዳኛው።

«አይቼዋለሁ፣ ክቡር ዳኛ። ክረምት ላይ።»

«ወዴት ነበር የሚሮጠው?»

«ወደ ሐኪም ቤት።»

«ልጅቷስ የት ነበረች?»

«ጀርባው ላይ። ትኩሳት ይዟት ነበር።»

ዳኛው «ሲሮጥ ታይቷል» ብለው ጻፉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተከሳሽ፣ ይህቺ ልጅ ያንተ ናት?»

ንጋቷ ከጎኔ እንድትቆም ተደርጎ ነበር፤ ሕጉ ልጅና ተከሳሽ ጎን ለጎን ታይተው እንዲመዛዘኑ ያዛል። እኔ ቀና ብዬ «ይህቺን ልጅ» አልኩ። ያን ጊዜ ንጋቷ አስነጠሳት። መሐረቤን አውጥቼ አፍንጫዋን ጠረግሁላት። ጠርጌ ስጨርስ «አላውቃትም» አልኩ።

ችሎቱ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም።

«ክህደትህ ጉድለት አለበት» አሉኝ። «የካደ ሰው አፍንጫ አይጠርግም። ለአራት ቀን ቀጥሬሃለሁ። ያኔ በሚገባ ካልካድክ ክሱ ይዘጋል፤ ልጅቷም ከአባቷ ጋር ትሄዳለች።»

አባቷ ያሉት አቶ ዘርጋውን ነው።

በማግስቱ ወደ አቶ ዘርጋው ቤት ሄድኩ። ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር፤ ምናልባት እንዳይሄዱ ልለምናቸው አስቤ ይሆናል። በራቸው ክፍት ነው። አልጋቸው ላይ ትንንሽ የጨርቅ ቁራጮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ስም በክር እየጠለፉ ነበር።

«መንገድ ላይ እንዳይጠፉብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። «ልብሳቸው ላይ ይሰፋል። ለዘጠና ስድስት ልጅ አንድ ጀልባ ነው የተመደበልኝ። ሌላ ጻፍኩ፤ የአንድ ሹም ቤተሰብ ከአንድ ጀልባ አይበልጥም ብለው መለሱልኝ። ግባ። የማን አባት ነህ?»

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«የንጋቷ።»

«በግራ እጇ የምትጽፈዋ» አሉ። ከቁራጮቹ መሐል ፈልገው ስሟን አወጡ። «ባለፈው ዓመት አድገሻል ስላት፣ በስንት አለችኝ። አላወቅሁም። አሁን ስለሷ ሳስብ ያ ነው የሚቆጨኝ።»

«ከአምና ወዲህ በሦስት ጣት ከግማሽ» አልኩ።

አቶ ዘርጋው መርፌያቸውን አስቀመጡ። ጉዳዬን ነገርኳቸው፤ መሐረቡንም ሳይቀር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ጋሼ፣ መካድ አቃተኝ» አልኳቸው። «አፌ ላይ አይመጣም።»

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሕጉን ከማንበብ በቀር ብዙ ሥራ አልነበረኝም» አሉ። «ቁጥር አሥራ ሰባትን ማንም አያነባትም። ተከሳሽ ደወሉ ሦስት ጊዜ እስኪመታ መልስ ካልሰጠ እንደካደ ይቆጠራል ትላለች። የሸሹት ሰዎች ተይዘው ሲመጡ አብዛኞቹ የሚያደርጉት እሱን ነበር። መሬት መሬት ያያሉ። ዝም ማለት ትችላለህ?»

«ጋሼ፣ ሌላ የምችለው ነገር የለም» አልኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ጥርሳቸው ትንንሽ ነው።

አራቱ ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት ምንም አልዘነበም፤ ሰሌዳው ላይ በየቀኑ ዜሮ ጻፍኩ። በቀጠሮው ቀን ለንጋቷ «ዛሬ ስጠየቅ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ግን አባትሽ ነኝ ማለቴ ነው» አልኳት።

«ሁልጊዜም እኮ ዝም ነው የምትለው» አለች።

አስካለ ክሷን በድጋሚ አሰማች። ክስ ይባል እንጂ እኔ ያደረግሁትን ሁሉ በድምፅ የቆጠረች ያህል ነበር፤ ልጅቷ ስትወለድ ደጃፍ ላይ እስኪነጋ መቆሜን፣ ጸጉሯን እኔ እንደምጎነጉን፣ ከመዋኘቷ በፊት የውሃውን ጥልቀት በእንጨት እንደምለካ። ከዚህ በፊት እንዲህ ተዘርዝሮ ሰምቼው አላውቅም። ዳኛው ደወሉን ያዙ።

«ተከሳሽ፣ ይህቺ ልጅ ያንተ ናት?»

ደወሉ አንድ ጊዜ መታ።

ዝም ማለት ቀላል ይሆንልኛል ብዬ ነበር። ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በሱ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ደወል ድምፅ ገና ሳይጠፋ ከደረቴ አንድ ነገር ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አዎ የምትለዋ ቃል ነበረች። በሕይወቴ አንድም ቃል እንደዚያ ሊወጣ ታግሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ብለቀው ከስልሳ ሁለት እርምጃም ይሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ደወል መታ። ጥርሴን ገጠምኩ። ንጋቷ እጄን ልትይዝ እጇን አነሳች፤ መሐረቡ ትዝ አላት መሰለኝ፣ መልሳ ከጀርባዋ አደረገችው። እሷም መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

ሦስተኛው ደወል ከሁለቱ ይልቅ ዘገየ። ዳኛው ደወሉን በአየር ላይ ይዘው ሁለታችንንም ለረጅም ጊዜ ተመለከቱን። ከዚያ መቱት።

«ተከሳሽ ክዷል» አሉ። ወረቀታቸውን አንስተው ቆመው አነበቡ። «አባትነቱን በዝምታ የካደ መሆኑ፣ ሲሮጥም የታየ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ተከሳሽ ባዩ የዚህች ልጅ አባት እንዲሆን ተፈርዶበታል። ስሙን ይስጣት። ስትታመም አጠገቧ ይደር። ትምህርት ቤት ያድርሳት፣ ይመልሳት። ስትጠራው አቤት ይበል። ለዚህ ፍርድ አመክሮም ምሕረትም የለውም። ይግባኝ ትላለህ?»

«አልልም» አልኩ።

የኋላው ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ተገኝ ድምፄን ሲሰሙ ደነገጡ። በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ የውብዳር መዝገቡን ይዛ መጣች፤ ዘርጋው በሚለው ላይ አንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ ባዩ ብላ ጻፈች። እኔም «ተገድጄ» ከሚለው ቃል ሥር ፈረምኩ። ስወጣ ሁለት ዘበኞች ክንዴን ይዘው እስከ ቤቴ አደረሱኝ፤ አዲስ የተፈረደበት አባት እንዳያመልጥ እንዲህ ይደረጋል። ንጋቷ ትከሻዬ ላይ ነበረች። አስካለ ከኋላ እየመጣች እንባዋን ሳትጠርግ ዘበኞቹን ትቆጣቸዋለች። «ቀስ በሉ፣ ልጅቷን ትጥሏታላችሁ» ትላቸው ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ጠዋት የዝናቡን መጠን ልጽፍ ስሄድ ከችሎቱ በር እስከ ሰሌዳው ድረስ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ቁጥር አሥራ ሰባት ከቤት ቤት ተዳርሳ አድራለች። አናጢ አለ፣ ወፍጮ ጠባቂ አለ፣ ሚስት ካገቡ በኋላም የመጀመሪያ ልጃቸውን ያልተዉ አሉ። አንዱ ከሦስት ቀን መንገድ መጥቶ ነበር። ዳኛው አንድ በአንድ ቢያስተናግዱ ቀኑ ስለማይበቃ አሥር አሥር እያደረጉ ያስቆሟቸው ጀመር። አሥሩ በአንድ ላይ ይጠየቃሉ፤ አሥሩም ዝም ይላሉ፤ ደወሉ ሦስት ጊዜ ይመታል። አንዱ ፈርጠም ያለ ግንበኛ ከሁለተኛው ደወል በኋላ መቆየት አቅቶት «ናት እንጂ፣ የኔ ናት» ብሎ አለቀሰ። ዳኛው መዝጋቢያቸውን «የሰማኸው ነገር አለ?» አሉት። መዝጋቢው ብዕሩን ቀለም ውስጥ እየነከረ «አልሰማሁም፣ ክቡር ዳኛ» አለ። ግንበኛውም ተፈረደበት።

ከተማው በዚያ ሳምንት ለበላይ መሥሪያ ቤት ባስተላለፈው ሪፖርት ላይ፣ አባትነትን መካድ በነዋሪው ዘንድ በአሳሳቢ ሁኔታ መስፋፋቱ ተጠቅሷል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከልጄ ጋር ወንዝ ዳር ወረድን። ንጋቷ ልትሰናበታቸው ፈልጋ ነበር። አቶ ዘርጋው ጀልባው አጠገብ ቆመዋል። አጠገባቸው አሥራ አንድ ልጆች አሉ፤ አባት እንዲሆናቸው የተፈረደበት ሰው የሌላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። እናታቸው የሞተች፣ አባታቸው ያልታወቀ፣ ያሳደጋቸው ሰው ያረጀ። በየልብሳቸው ላይ ስማቸው ተሰፍቷል።

ወይዘሮ የውብዳር መዝገቡን ከፍታ ይዛለች። «አቶ ዘርጋው፣ አሥራ አንድ ነው የቀረው» አለቻቸው። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ እርስዎም ደካማ ነዎት። ልጆቹ የእኔ አይደሉም ብለው አንዲት ፊርማ ቢያሳርፉ ለተተኪዎ ላስተላልፋቸው እችላለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ተተኪዬ መቼ ይመጣል?»

«ገና አልተሾመም።»

አቶ ዘርጋው ብዕሩን አልተቀበሏትም። «እኔ ልክድ አልችልም» አሉ። «ብጠየቅም ዝም አልልም።»

ንጋቷ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። የጨርቅ ቁራጯን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት፤ ከዚያ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አሳርፈው ከወገባቸው ጋር አስተያዩት። «ከአምናው በሦስት ጣት ከግማሽ አድገሻል» አሏት።

አስካለ ዳር ላይ ቆማ ጀልባውን ጠራች። ድምፅዋ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ። ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ። የመጨረሻዋ፣ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ የኔ ቦታ የቱ ነው?» አለች።

አቶ ዘርጋው ማንን እንደጠራች ለማየት ወደኋላ ዞሩ። ከኋላቸው ወንዙ ብቻ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው «አቤት። እዚህ ነው፣ አጠገቤ» አሏት።